«ኦሪጅናሉ የት አለ?» የአባቶችና የእናቶች ድምፅ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ

ኢየሩሳሌም ውስጥ ከነቢያት መንገድ፣ በዕብራይስጥ ሬሖቭ ሃኔቪኢም ከሚባለው፣ ወደ ሰሜን የምትታጠፍ ጠባብ መንገድ አለች። ስሟ «ኢትዮጵያ መንገድ» ነው። ግራና ቀኟ በድንጋይ ግንብ የተከበበ ነው። ከግንቡ ጀርባ ክብ ሆኖ የተሠራው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ሥራውን ያስጀመሩት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲሆኑ ያለቀው ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የዕብራይስጥን ቋንቋ ለዕለት ንግግር የመለሱት ኤሊዔዘር ቤን ዩዳም የኖሩት በዚሁ መንገድ ላይ ነበር።

በዚሁ ገዳም ግቢ ውስጥ አንዲት መነኩሲት ፒያኖ ይዘው ወደ 40 ዓመት ገደማ ኖረዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይባላሉ። ከ1984 ጀምሮ እስካረፉበት እስከ ማርች 2023 ድረስ ኢየሩሳሌም ነበሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ የነበሩ ሰው ስለሆኑ ስማቸው ለብዙ የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች እንግዳ አይደለም።

እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን በ1960ዎቹ ጀርመን አገር አሳትመዋል። በ2006 ደግሞ ሥራቸው «ኢትዮጲክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ ሆኖ ሲወጣ ዓለም በሙሉ ሰማቸው። ዛሬ ግን ነገሩን የሚያነሣው ሌላ ቀረጻ ነው። እማሆይ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሳሉ፣ ተራ የካሴት ቴፕ ፒያኖው አጠገብ አስቀምጠው በአማርኛ እየዘመሩ ራሳቸውን ቀድተው ነበር። ያ ካሴት በ2024 አልበም ሆኖ ወጣ። የሚያዳምጠው ሰው የእማሆይን ድምፅ ይሰማል፣ ፒያኖውን ይሰማል፣ ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩትን ወፎችም ይሰማል።

ወፎቹ ያምራሉ። የዚያን ቀን አዲስ አበባን ይዘው መጥተዋልና። ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «የእማሆይን ድምፅ ብቻ ለይታችሁ ስጡኝ» ቢል አይሆንለትም። ድምፁ፣ ፒያኖውና ወፎቹ ገና ከመጀመሪያው አንድ ላይ ሆነው በአንድ ማይክራፎን ገብተዋል። አሁን አሁን የተደባለቀ ድምፅን ለመለየት የሚሞክሩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች መጥተዋል። ይሁንና እነሱም የሚሠሩት በግምት ነው። የጎደለውን ከራሳቸው ይሞሉታል እንጂ ያልነበረውን ኦሪጅናል አይመልሱትም።

እማሆይ በጊዜው ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ያላቸው አንድ ቴፕ ነበር። ዛሬ ግን የልጅ ልጅ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ «አባባ፣ እስቲ ጸሎቱን ይበሉልኝ፣ ልቅረጽዎት» ሲል ምርጫው በእጁ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ምርጫ መኖሩን አያውቅም። የሚያስቀርጹት አዛውንትም ምን ብለው መጠየቅ እንዳለባቸው አያውቁም።

መቅረጽ ሌላ፣ «ባውንስ» ሌላ

በስቱዲዮም ሆነ በቤት ውስጥ ወጣቶቹ የሚሠሩባቸው የድምፅ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። ፕሮ ቱልስ፣ ሎጂክ፣ ኪዩቤዝ፣ ሪፐር ይባላሉ። ኦዳሲቲ የሚባለው ደግሞ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው መቅረጽ ነው። ሰው ይናገራል ወይም ያዜማል፣ ማይክራፎኑ ይቀበላል፣ ፕሮግራሙ ይጽፈዋል። ሁለት ማይክራፎን ካለ ሁለት መሥመር ይጻፋል፣ አራት ካለ አራት። እያንዳንዱን መሥመር «ትራክ» ይሉታል። የመሪው ቄስ ድምፅ በአንዱ ትራክ፣ የተቀባዮቹ በሌላው፣ ነጋሪቱ በሦስተኛው፣ ቃጭሉ በአራተኛው ይቀመጣል። አንዱን ዝም አሰኝቶ ሌላውን ብቻ ማዳመጥ ይቻላል።

ሁለተኛው «ባውንስ» የሚሉት ነው። ፕሮግራሙ ትራኮቹን ሁሉ አደባልቆ፣ ከፍ የተደረገውን ከፍ፣ ዝቅ የተደረገውን ዝቅ እንዳለ፣ አንድ ፋይል አድርጎ ያወጣቸዋል። ሎጂክና ፕሮ ቱልስ በዚሁ በ«ባውንስ» ስም ይጠሩታል፣ ሪፐር «ሬንደር» ይለዋል፣ ኦዳሲቲና ኪዩቤዝ «ኤክስፖርት» ይሉታል። ሥራው አንድ ነው። በዋትሳፕ የሚላከው፣ በመኪና የሚደመጠው፣ ለራዲዮ የሚሰጠው ይኸው ባውንስ የተደረገው ፋይል ነው።

ነገሩን ከወጥ ቤት አንጻር ማየት ይቀላል። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው፣ ዶሮው ለየብቻ ሳለ የፈለጉትን ይሠሩበታል። ቀይ ወጥ ይሆናል፣ አልጫ ይሆናል። አንዴ ዶሮ ወጡ ከበሰለ በኋላ ግን «በርበሬው በዛ፣ ትንሽ አውጡልኝ» ቢሉ ማን ያወጣል? ትራክ ማለት ገና ያልበሰለው ነው። ባውንስ ማለት ወጡ ነው። ወጥ መሥራት ጥፋት የለበትም፣ የሚበላው ወጡ ነውና። ጥፋቱ ወጡ ደረሰ ብሎ ጎተራውን ባዶ ማድረግ ነው።

ብዙ ቤት የሚደርሰውም ይኸው ነው። ልጁ ይቀርጻል፣ ያሳምራል፣ ባውንስ ያደርጋል፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ይልካል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ሞላ ይልና ትልልቆቹን ፋይሎች ይሰርዛል። የሚሰርዛቸው ትራኮቹን ነው፣ ከሁሉም የሚከብዱት እነሱ ናቸውና። ከአምስት ዓመት በኋላ አባባ አርፈው ሳለ ቤተሰቡ ለመታሰቢያ ድምፃቸውን ብቻ ይፈልጋል። ያለው ግን ከበስተጀርባው ልጁ የጨመረው ሙዚቃ ያለበት ፋይል ብቻ ይሆናል።

ነገሩ ከካሴት ዘመን የመጣ ነው

«ባውንስ» የሚለው ቃል ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በቴፕ ዘመን አራት ትራክ ብቻ የነበራቸው የስቱዲዮ ማሽኖች ነበሩ። አራቱ ሲሞሉ ባለሙያው ሦስቱን አደባልቆ ወደ አራተኛው ይገለብጣል፣ ከዚያ በተለቀቁት ላይ አዲስ ይቀዳል። የእንግሊዞቹ ቢትልስ በ1967 ያወጡት ዝነኛ አልበማቸው የተሠራው እንዲህ በባለ አራት ትራክ ማሽን ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ቴፕ ከቴፕ ሲገለበጥ ሽሽታው ይጨምራል፣ ድምፁም ይደበዝዛል። ካሴት ከካሴት እየገለበጠ ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ አገር የላከ ሰው ይህንን በሚገባ ያውቀዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ግልባጭ ላይ ሲደርስ ዘመድ የሚናገረው ከጉድጓድ ውስጥ ይመስላል።

በኮምፒዩተር ላይ ይህ የግልባጭ ሽሽታ የለም። አንድን ፋይል መቶ ጊዜ ቢገለብጡት ያው ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ዲጂታል ነው፣ ምን ይሆናል» ብሎ ይዘናጋል። የሚጠፋው ግን ሌላ ነገር ነው። የሚጠፋው ወደ ኋላ የመመለሻው መንገድ ነው። በቴፕ ዘመን ባለሙያው ባውንስ ያደረገው ቦታ ስላጣ ነበር። ዛሬ ቦታ ሞልቶ እያለ ትራኮቹን መጣል ያለ ምክንያት መክሰር ነው።

ለየብቻ መቅረጽን ያስተማረ ሰው

ድምፅን ለየብቻ መቅረጽ ለዘፈን ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ለዚህ ምስክር የሚሆኑት የሙዚቃ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ሲምሐ አሮም ናቸው። አሮም በ1930 ጀርመን አገር ተወልደው በእስራኤል ኦርኬስትራ ውስጥ ቀንድ መለከት ይነፉ ነበር። በ1963 ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ ሄደው የዚያ አገር ሰዎች ብዙ ዜማ በአንድ ጊዜ ሲያዜሙ ሰሙ። ማን ምን እንደሚል መለየት ግን አቃታቸው።

ከዚያ አንድ መላ መቱ። መጀመሪያ አንዱን ሰው ብቻውን ይቀርጹታል። ሁለተኛው ያንን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የራሱን ድርሻ ይጨምራል፣ የሱም ለብቻው ይቀረጻል። ሦስተኛውም እንዲሁ። በመጨረሻ ሁሉም ተደምሮ ሲሰማ ዜማው ሙሉ ነው፣ ሲለያይ ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ጥርት ብሎ ይታወቃል። ዛሬ በማንኛውም ኮምፒዩተር የሚሠራውን ነገር አሮም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቴፕ፣ በጫካ መካከል ሠርተውታል።

እኚሁ ሰው ናቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1986 እስራኤል ውስጥ የቤተ እስራኤል ቄሶችን ጸሎት የቀረጹት። ሥራው በኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የአይሁድ ሙዚቃ ምርምር ማዕከል በኩል በ2019 ታትሞ ወጥቷል። ከቀረጻው እስከ ኅትመቱ 33 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በ33 ዓመት ውስጥ ስንት ማሽን ተለወጠ፣ ስንት ቄስ አረፈ! መጽሐፉና ዲስኮቹ ሊወጡ የቻሉት ዋናው ቀረጻ ሳይነካ ስለተቀመጠ ነው።

ከእሳቸው በፊትም ያደረጉት ነበሩ። ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረጹት የቤተ እስራኤል ዜማ በ1951 በሸክላ ወጥቷል። ኬይ ካውፍማን ሸለማይ ደግሞ በ1973 ጎንደር፣ አምቦበር ድረስ ሄደው ቀርጸዋል። ዛሬ በኢየሩሳሌም የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ማኅደር ውስጥ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቀረጻዎች ይገኛሉ።

ነገሩ ለቤተ እስራኤል በተለይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ከፊደሉ በላይ የሚጻፍ የዜማ ምልክት አለ። የቤተ እስራኤል ጸሎት ግን ምልክት የለውም። ግእዙም ሆነ በመካከሉ የሚገባው አገውኛ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮ ወደ አፍ ነው ሲተላለፍ የመጣው። መሪው ይጀምራል፣ ተቀባዮቹ አንዳንዴ እሱ ሳይጨርስ ይገባሉ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ይነጠፋል። ውበቱ እዚያው ላይ ነው። ለሚማር ወጣት ግን አስቸጋሪው ክፍልም እዚያው ነው። ተቀባዮቹ ለብቻቸው የተቀረጹበት ትራክ ካለ ተማሪው መሪውን ዝም አሰኝቶ የተቀባዩን መግቢያ ያጠናል። ባውንስ የተደረገ ፋይል ብቻ ካለው ግን በግምት ይሄዳል። ግምት ደግሞ ከትውልድ ትውልድ ሲሻገር ዜማ ይለውጣል።

ካሴት አይቸኩልም

ወጣቶቹ የሚከራከሩበት አንድ ሌላ ነገርም አለ። ባውንስ በፍጥነት ይሁን ወይስ በእውነተኛው ሰዓት? አሁን ያሉት ፕሮግራሞች የአንድ ሰዓት ድምፅን በጥቂት ደቂቃ ባውንስ ያደርጋሉ። ፕሮ ቱልስ ይህንን የቻለው በ2013 በወጣው 11ኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የአንድ ሰዓት ሥራ ባውንስ ለመሆን አንድ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ባለሙያው ቁጭ ብሎ እየሰማ ይጠብቃል።

ፍጥነቱ ጥሩ ነው። ግን በችኮላ የወጣውን ፋይል ማንም ሳይሰማው ይላካል። መካከሉ ላይ ተቆርጦ ቢሆን፣ አንድ ትራክ በስሕተት ተዘግቶ ቢሆን የሚታወቀው ተቀባዩ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። በእውነተኛው ሰዓት የሚሠራ ሰው ግን እየሰማ ስለሆነ ስሕተቱን እዚያው ያገኘዋል።

ካሴት ሲሆን ደግሞ ክርክርም የለም። በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ በሻንጣ ሥር፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ካሴት አለ። የሠርግ ዘፈን፣ ለቅሶ፣ ከቀሩ ዘመዶች የተላከ መልእክት ሊሆን ይችላል። እሱን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት መቅረጽ እንጂ ባውንስ አይደለም። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈልጋል፣ የ90ው 90። አቋራጭ የለውም።

ያ ሰዓት ግን የባከነ ሰዓት አይደለም። ካሴቱ ሲዞር አዛውንቱ አጠገቡ ቢቀመጡ፣ «ይህችማ የእንትና እናት ናት፣ ይህ የተባለው ክረምት ሲገባ ነው፣ ይህ ሰውዬ መንገድ ላይ ሱዳን ቀረ» ይላሉ። ልጁ ያንን በወረቀት ይጽፋል፣ ወይም በሌላ ትራክ ይቀርጸዋል። ካሴቱ ላይ ያለውን ድምፅ ማሽን ያወጣዋል። የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው ዘላለም አይኖርም።

በሜዳም እንዲሁ ነው

በስግድ ዕለት ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ የሚቆም ሰው የሚያየው ነው። ቄሶቹ በጃንጥላ ሥር ቆመው ሲጸልዩ ከበታቻቸው ብዙ ሺ እጅ ፔሌፎን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ስግድ በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል፣ ቀረጻውም በየዓመቱ ይበዛል። ነገር ግን ያ ሁሉ ፔሌፎን የሚሰማው ከድምፅ ማጉያው የወጣውን፣ አስቀድሞ የተደባለቀውን ድምፅ ነው። ነፋሱ አለ፣ ጫጫታው አለ፣ የሕፃን ልቅሶ አለ። ሺ ጊዜ ቢቀረጽም ሁሉም ወጥ ነው።

ጥሬው የሚገኘው ከመድረኩ ነው። የቄሶቹ ማይክራፎኖች ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው ሲገቡ ለየብቻ ናቸው። አዳዲሶቹ መቆጣጠሪያዎች እያንዳንዱን ማይክራፎን ለብቻው ወደ ኮምፒዩተር ማስተላለፍ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሰው አስቀድሞ ባለሙያውን «ትራኮቹን ለየብቻ ቅረጽልን፣ ከበዓሉ በኋላም ስጠን» ብሎ መጠየቁ ነው። በምኩራብም፣ በማትናስም፣ በሠርግም እንዲሁ።

ይህ ማለት ወጣቶቹ በአባቶች ድምፅ አዲስ ነገር አይሥሩበት ማለት አይደለም። ኢዳን ራይኸል በ2002 ባወጣው አልበም የአማርኛን ድምፅ ከዘመናዊ ሙዚቃ ጋር አዋሕዶ በእስራኤል ራዲዮ ሁሉ አሰምቷል። ሥራውን የጀመረው በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረበ ነበር። የነገ ልጆችም እንዲሁ ሊሠሩ ይችላሉ። ለመሥራት ግን ንጹሑ ድምፅ ሊጠበቅላቸው ይገባል።

ቦታ የለም የሚለው ምክንያት

«ፋይሉ ይከብዳል» የሚለው ሰበብ ከዚህ በፊት እውነት ነበር። አሁን ሒሳቡ እንዲህ ነው። የድምፅ ማኅደሮች ዓለም አቀፍ ማኅበር ቢያንስ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርትዝ በሚባለው ጥራት ይቀረጽ ይላል። በዚህ ጥራት አንድ ትራክ ለአንድ ሰዓት ወደ 520 ሜጋባይት ይይዛል። አራት ትራክ ሲሆን ወደ ሁለት ጊጋባይት ይሆናል። ያው አንድ ሰዓት ባውንስ ተደርጎ በተለመደው ኤምፒ3 ሲጨመቅ ግን 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ለዚህም ነው ልጆቹ ኤምፒ3ውን የሚወዱት። ነገር ግን አንድ ሺ ጊጋባይት የሚይዝ ሀርድ ዲስክ እንዲህ ያለ ባለ አራት ትራክ ቀረጻ ወደ 500 ሰዓት ይይዛል። በአንድ ቤተሰብ ያሉ አዛውንቶች ሁሉ የሚያውቁትን ቢናገሩ እንኳ አይሞላም።

ኤምፒ3 ሌላም ችግር አለው። ለማሳነስ ሲል ከድምፁ ላይ ይቀንሳል። እሱን መልሰው አስተካክለው እንደገና በኤምፒ3 ሲያወጡት ሁለተኛ ይቀንሳል። ዋትሳፕም ድምፅ ሲልክ ይጨምቃል። እንግዲህ የቴፕ ዘመኑ ድብዘዛ በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ማሳመሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፕሮግራሞቹ ሽሽታን የሚያጠፋ መሣሪያ አላቸው። ሲበዛበት ግን ከሽሽታው ጋር የቄሱን ትንፋሽ፣ የቃሉን መጨረሻ፣ ቀስ ብሎ የሚጠፋውን የቃጭል ድምፅ ይዞ ይሄዳል። የእማሆይንም ወፎች «ጫጫታ» ብሎ በጠረጋቸው ነበር። ስለዚህ የሚሳመረው ግልባጩ ይሁን፣ ጥሬው አይነካ።

አዛውንት ምን ይጠይቁ?

ፕሮግራሙን ማወቅ የልጆቹ ሥራ ነው። ድምፁ ግን የባለቤቱ ነው። ለመቀረጽ ሲቀመጡ አራት ነገር መጠየቅ ይበቃል።

አንደኛ፣ «ስንት ማይክራፎን ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይገባል ወይ?» ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩ ከሆነ ሁለት ይሁን።

ሁለተኛ፣ «ጥሬው በየት ይቀመጣል?» መልሱ «በፔሌፎኔ» ከሆነ አይበቃም። አንድ በቤት፣ ሌላ በሌላ ዘመድ ቤት ይሁን።

ሦስተኛ፣ «ስሜ፣ የተወለድኩበት አገር፣ የተቀረጸበት ቀን ተጽፏል ወይ?» ስም የሌለው ድምፅ ከ30 ዓመት በኋላ የማንም አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ራሳቸው ባንደበታቸው ቢናገሩት ነው።

አራተኛ፣ ልጁ «ጨረስኩ፣ ልኬልዎታለሁ» ሲል፣ «ይህ ባውንስ የተደረገው ነው፤ ኦሪጅናሉስ የት አለ?» ልጁ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ አባባ ይህንን ቃል ከየት አመጡት ብሎ። ከዚያ ይፈልገዋል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም የጻፏቸው የኖታ ወረቀቶች ለብዙ ዓመት በከረጢት ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የእስራኤል ሙዚቀኛ ማያ ዱኒዬትስ ከእሳቸው ጋር ሆና አስተካክላ በ2013፣ በ90ኛ ዓመታቸው፣ በመጽሐፍ አወጣችው። ከረጢቱ ሳይጣል ስለቆየ ነው ሌላው ዓለም ዛሬ ያንን ዜማ ከወረቀቱ አንብቦ የሚጫወተው። የኮምፒዩተሩ ትራክም እንደዚያ ከረጢት ነው። ሲያዩት ቦታ ከመያዝ በቀር ምንም አይመስልም። የሚፈልገው ሰው ምናልባት ገና አልተወለደ ይሆናል፤ በመጣ ጊዜ ግን ተቀምጦ ሊቆየው ይገባል።